አምባሰል በጊታር፤ ማስተሩስ በማን እጅ?

ከሦስት ሳምንት በፊት የወሎ ልጆች በሚወያዩበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፍኩ። ጥያቄው በእኔ ስም ይውጣ እንጂ ጉዳዩ የእህቴ ልጅ ነበር። ልጅቷ ደሴ ሆጤ ተወልዳ ያደገች፣ ክራርን ከአያቷ፣ ጊታርን ደግሞ ከስልኳ የተማረች፣ ግጥምና ዜማዋን ራሷ የምትደርስ የ23 ዓመት ወጣት ናት። የምትጫወተው በውጭው ዓለም ፎክ ሮክ የሚሉትን ዓይነት ሲሆን መሠረቱ የአገር ቤት ዜማ፣ አጃቢው ጊታርና ከበሮ ነው። አንድ ሙዚቃ ቤት ስድስት ዘፈኖቿን ሰምቶ ሦስት ገጽ ውል ላከላት። ውሉ ሲጠቃለል፣ አንድ ጊዜ በሚከፈል ገንዘብ የዘፈኖቹ ማስተርም (ዋናው የተቀዳው ቅጂ) መብትም እስከ ወዲያኛው የሙዚቃ ቤቱ ይሆናል፣ አቀናባሪውን የሚመርጠው ሙዚቃ ቤቱ ነው፣ ጊታሩም በኪቦርድ ይተካል የሚል ነበር።

እኔ አትፈርሚ ባይ ነኝ። ለመከራከሪያም አኒ ዲፍራንኮን አነሣሁ። እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ግዛት በቡፋሎ ከተማ የተወለደችው ይህች ዘፋኝ በ1990 የመጀመሪያ ካሴቷን ራይቸስ ቤብ በተባለ የራሷ ኩባንያ ስም አወጣች፤ በሄደችበት መድረክ ሁሉ ካሴቱን ከመኪናዋ እያወረደች ሸጠች፤ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ደጇን ሲያንኳኩም አልከፈተችላቸውም። በ1997 አንድ መጽሔት ከእያንዳንዱ አልበም የምታገኘው ድርሻ በኩባንያ ስር ካሉ ዝነኞች ድርሻ እንደሚበልጥ አንሥቶ ሲያወድሳት፣ መታወቅ የምትሻው በገቢዋ ሳይሆን በዘፈኖቿ እንደሆነ በግልጽ ደብዳቤ መለሰችለት። እንግዲህ ቡፋሎ የሆነው ደሴ ላይ ለምን አይሆንም ስል ጠየቅሁ። በዚያው ሞቅታ አራቱም የዜማ ቅኝቶች (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ) የወሎ ናቸውና ልጅቷ ስንቋን ይዛ ተወልዳለች የምትል ዐረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ በኋላ ብዙ ያስከፈለችኝ እርሷ ናት።

34 መልስ መጣ። ዘግይተው የደረሱ ሰዎች ክሩን፣ ማለትም የጥያቄውንና የመልሶቹን ሰንሰለት፣ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለታከታቸው ፍሬ ነገሩን እንዳሰባስብላቸው ጠይቀውኛል። በራሴ ቃል እተርከዋለሁ፤ የተረታሁበትንም አልደብቅም።

1ኛው መልስ ሙሉ በሙሉ ምርቃት ነበር። ጸሐፊዋ አንዲት የሐይቅ እናት ናቸው፤ ለልጅቷ አብሽሪ ብለው፣ ዱዓቸውን አውርደው፣ አምባሰል በጊታር ሲባል ግን ለጆሯቸው እንግዳ ስለሆነባቸው ድምፁን ብናሰማቸው ደስ እንደሚላቸው በትሕትና ጠየቁ።

2ኛው ያችን ዐረፍተ ነገሬን ያዛት። ባቲና አምባሰል የወሎ የቦታ ስሞች መሆናቸውን፣ አንቺ ሆዬም ከአካባቢው የሠርግ ዘፈን ጋር መያያዙን ተቀብሎ፣ ትዝታን ግን ከጎንደር እስከ ሸዋ ሁሉም የእኔ የሚለው በመሆኑ አንድ ክፍለ ሀገር ወርሶት ሊቀመጥ እንደማይችል ጻፈ። ስሙ የወጣበት አገርና ዜማው የተፈጠረበት አገር አንድ ላይሆኑ እንደሚችሉም አስታወሰኝ። እርማቱን በምስጋና ተቀበልኩ፤ የወሎ ወገን የሆኑ አራት ሰዎች ግን እስከ ክሩ መጨረሻ ድረስ አልተቀበሉለትም።

ክሩን ክር ያደረገው 3ኛው መልስ ነው። የጻፈው ኮምቦልቻ ውስጥ በሠርግ ባንድ ጊታር የሚመታ ሰው ሲሆን፣ ሙዚቃ ቤቱ ጊታሩን በኪቦርድ ልተካ ያለው በንቀት ብቻ ላይሆን እንደሚችል በማስጠንቀቅ ጀመረ። ነገሩን እንዲህ አስረዳ። የአምባሰልን አምስት ድምፆች ከዶ ተነሥተን ብንደረድራቸው ዶ፣ ሬ ቢሞል (ቢሞል ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው)፣ ፋ፣ ሶል እና ላ ቢሞል ናቸው፤ በመካከላቸው ሚ የለም፣ ሚ ቢሞልም የለም። የጊታር ተጫዋች እጅ ግን የለመደው የዶን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆችን) ሜጀር ወይም ማይነር አድርጎ መያዝ ስለሆነ፣ ሜጀር ሲይዝ ሚን፣ ማይነር ሲይዝ ሚ ቢሞልን ሳይጠራው ወደ ቅኝቱ ያስገባዋል። አድማጩ ምን እንደተበላሸ መናገር ባይችልም ፊቱን ያኮሳትራል። የእርሱ መፍትሔ ዶ ላይ ሲቆሙ ዶንና ሶልን ብቻ ነክቶ መካከሉን ባዶ መተው፣ መንቀሳቀስ ሲያስፈልግ ደግሞ ድምፆቻቸው በሙሉ ከቅኝቱ ውስጥ ወደሚገኙት ወደ ፋ ማይነርና ወደ ሬ ቢሞል ሜጀር መሄድ ነው። ልጅቷ ይህን ታውቅ እንደሆነ ጠየቀ። ማታ ቤት ገብቼ ስጠይቃት፣ ስሙን ባታውቀውም ጣቷ ሲያደርገው አየሁ፤ ሁለት አውታር ብቻ እየነካች መካከለኛዎቹን በመዳፏ ታፍናቸዋለች።

4ኛው መልስ የመጣው ከወረኢሉ፣ ዕድሜያቸውን በማሲንቆ ካሳለፉ አዛውንት ሲሆን የጻፈላቸው የልጅ ልጃቸው ነው። ይህ ሁሉ የቢሞል ሒሳብ የሚያስፈልገው ብዙ አውታር ላለው መሣሪያ እንደሆነ፣ ማሲንቆ በአንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ዘመናት ሲያስለቅስ ኮርድ የጠየቀው ሰው እንደሌለ፣ ዋናው ጉሮሮና ግጥም መሆኑን ተናገሩ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢሆንም ጊታሩን ለሠርግ ማሳመሪያ ትያዘው፣ ቁም ነገር ሲመጣ ወደ ክራሯ ትመለስ የሚል ፍርድ ነበረበት። 5ኛው ከ3ኛው ጋር ተስማምቶ አንቺ ሆዬ ይብስ እንደሚከብድ አከለ። በዚያ ቅኝት ከዶ ተነሥተን ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞልና ላ ስለምናገኝ ሶል ራሱ የለም፤ ስለዚህ 3ኛው ያቀረበው የዶና የሶል መሸሸጊያም እዚያ አይሠራም ማለት ነው።

6ኛው ወደ ጥያቄዬ መለሰን። አኒ ዲፍራንኮ ካሴት ከመኪና ለመሸጥ በመጀመሪያ መኪና፣ ቀጥሎም መንገድ፣ ከዚያም ከተማ በከተማ ዘፋኝ የሚጠራ ዩኒቨርሲቲና የፎክ ፌስቲቫል እንደነበራት ጽፎ፣ እዚህ ከደሴ ወጥቶ ክፍያ የሚያገኝ ብቸኛ ዘፋኝ ስንት መድረክ እንዳለው ቁጠርልኝ አለኝ። ቆጠርኩ። ደሴ ባህል አምባን፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚያዘጋጇቸውን ምሽቶች፣ ኮምቦልቻ ያሉትን ሆቴሎች ከጻፍኩ በኋላ ወደ ሠርግ ገባሁ፤ ከሠርግ ወዲያ አልሄድኩም።

7ኛው ለምን ቡፋሎ ድረስ ሄድክ ሲል ወቀሰኝ፤ እዚህ ላይ የተረታሁ ይመስለኛል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ብቸኛ መብት በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ድንጋጌ ለአገር ፍቅር ማኅበር ተሰጥቶ ነበር። አምሃ ያንን አጥር ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ፤ እስከ 1975 ባሉት ዓመታትም ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ዛሬ ዓለም ወርቃማው ዘመን እያለ የሚያደንቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ከፊሉ ይህ ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ ያተመው ነው። ጸሐፊው ራስን መቻል ለእኛ ከባሕር ማዶ የመጣ ነገር እንዳልሆነ ለማስረገጥ ነበር የጻፈው።

8ኛው ግን 7ኛውን በጨዋነት አረመው። አምሃ አሳታሚ እንጂ ዘፋኝ አልነበረም፤ ለአንድ ሞኖፖል ሁለተኛ ተፎካካሪ መፍጠርና ዘፋኙ ራሱ የድምፁ ባለቤት መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥያቄው የዘፋኝ ባለቤትነት ከሆነ፣ አለ፣ አባቱ አዝማሪው ነው፤ ማንም አይቀጥረውም፣ ግጥሙን እዚያው ይገጥማል፣ ተቀበል ሲሉት ይቀበላል፣ ግንባሩ ላይ የሚለጠፍለትን ገንዘብ ማንም አይቀንስበትም። 9ኛው ይህን ይዞ የልጅነቱን አጫወተን። ኩታበር ሳሉ ሌሊቱ ሳይነጋ ላሊበሎች ደጃፋቸው ቆመው ያዜሙ ነበር። የአባወራውን ስም ቀድመው ከጎረቤት ጠይቀው ስለሚመጡ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ የአባቱን ስም ከነማዕረጉ በዜማ ሲሰማ ሰማይ የጠራው ይመስለው ነበር። እናቱ ዱቄት ሰፍረው ሲወጡ ዜማው ወደ ምርቃት ይዞራል። ጸሐፊው እነዚህን ሰዎች በአገሩ የመጀመሪያዎቹ ነጻ ዘፋኞች ሲል ጠራቸው።

10ኛው በዚህ ነደደ። እነዚያ ሰዎች ዜማውን ካቋረጡ ደዌ ይይዘናል ብለው በሚፈሩበት፣ ሕዝብም በሚሸሻቸው ኑሮ ውስጥ እየለመኑ የሚያድሩ መሆናቸውን፣ ይህን ነጻነት ብሎ መጥራት በሰው ችግር ላይ ቅኔ መዝረፍ መሆኑን፣ የእህቴን ልጅም ከለማኝ ጋር ማስተካከል ስድብ መሆኑን ጻፈ። 9ኛው ይቅርታ ጠየቀ፤ ይቅርታው ግን ከቁጣው ይልቅ ረዘመና ውሃ አነሰው።

ከ11ኛው እስከ 14ኛው ያሉት ከጉዳዩ ወጣ ብለዋል። አንዱ የቡና ሥርዓት ላይ በረካ ሳይደርስ የሚነሣ እንግዳ ላይ አማረረ፤ አንዱ ስለ መንዙማ ጽፎ ለምን እንደጻፈው አልነገረንም። ከእነዚህ የምትጠቅመን 12ኛዋ ብቻ ናት። ጸሐፊው በካሴት ዘመን ሰኞ ሰኞ ካሴት በሻንጣ ይዞ ባቲ ገበያ ይወርድ እንደነበር ተረከ። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ በሚገናኙበት በዚያ ገበያ ዳር ላይ ከመኪና ባትሪ ጋር የተያያዘ ቴፕ ይከፍታል፤ ሰው ቆሞ ካዳመጠ ይሸጣል፣ ካለፈ ካሴቱን ይቀይራል። ደንበኛው ዘፋኙን በስም አይጠይቅም ነበር፤ ያቺ አሁን ያለፈችው ነው የሚለው። የእኔን የመኪና ታሪክ ከዚህ የተሻለ የሚመልስ አላገኘሁም፤ ገንዘቡ ግን ለዘፋኙ አይደርስም ነበር፤ ብዙው ካሴት በእጅ የተቀዳ መሆኑን ጸሐፊው ራሱ አልሸሸገም።

15ኛው የሕግ ሰው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው የኢኮኖሚ መብቱን በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት እንደሚሰጠው፣ መብቱ በጽሑፍ ውል ካልሆነ እንደማይተላለፍ፣ በ2007 ዓ.ም. በወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ደግሞ የሮያሊቲ ክፍያ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ እንደተከፈተ በሥርዓት አብራራ። ከዚያም የእኔን ፈርሚ ወይም አትፈርሚ ነቀፈ። በመሸጥና በማከራየት መካከል ሰፊ ሜዳ አለ፤ ልጅቷ መብቷን ሳትለቅ ለተወሰነ ዘመን፣ ለተወሰኑ ዘፈኖች ፈቃድ ልትሰጥ ትችላለች፤ እስከ ወዲያኛው የሚለው ሐረግ ግን ከወጣ ሌላው ሁሉ ሊደራደሩበት የሚችል ነው። ለምክሩ እዚሁ ላይ ደግሜ አመሰግነዋለሁ።

16ኛዋ ለዚህ የሕግ ሰው ያቀረበችው ጥያቄ የክሩ ከባዱ ጥያቄ ይመስለኛል። ዜማው አምባሰል ከሆነ፣ አምባሰል ደግሞ የሕዝብ ከሆነ፣ ልጅቷ የደረሰችው ምኑን ነው? 17ኛው ሲመልስ ቅኝት መሰላል እንጂ ዜማ አይደለም፣ በመሰላሉ ላይ የወጣችበት መንገድ የእርሷ ነው አለ። ጥሩ መልስ ነው፤ ግን ሁሉንም አይሸፍንም። የእኛ ዘፋኝ ብዙ ጊዜ ከመሰላሉ ጋር አያቱ የወጣበትን መንገድም ይወርሳል፤ አዲሱ ስንኙና አወራረዱ ነው። የእህቴን ልጅ ስድስት ዘፈኖች በዚህ ዓይን ስመዝናቸው አራቱ ከነዜማቸው የእርሷ ናቸው፤ ሁለቱን ግን አያቷ ስታንጎራጉራቸው እኔም ሰምቻለሁ።

18ኛው እኔን ለብቻዬ ያዘኝ። አንድ ጎልማሳ አጎት ስለ አንዲት የ23 ዓመት ሴት ኑሮ ከሕዝብ ጋር ሲመክር እርሷ የት ናት? ውሉ የመጣው ለእርሷ፣ የምትራበውም የምትጠግበውም እርሷ፤ ምናልባት ወጣትነቱ ላይ ጊታር አምሮት ያልተሳካለት አጎት በልጅቷ ጣት ሊመታ ፈልጎ ይሆናል አለ። 19ኛው ለእኔ ተቆርቁሮ ታላቅን እንዲህ መድፈር የወሎ ልጅ ወግ አይደለም ሲል፣ 20ኛው ደግሞ አነጋገሩ ሻካራ ቢሆንም ነገሩ እውነት መሆኑን ጻፈ። እኔ ለሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም። በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ጊታር በዱቤ ገዝቼ ዱቤውን መክፈል አቅቶኝ መልሼዋለሁ፤ 18ኛው ይህን ከየት እንዳወቀ አላውቅም።

ዝምታውን የሰበረችው የ21ኛው መልስ ባለቤት ናት። ከእንግዲህ እርሳቸው እላቸዋለሁ፣ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ። በደርግ ዘመን በቀበሌ ኪነት ጀምረው ወደ ክፍለ ሀገሩ ኪነት ያለፉ ድምፃዊት ነበሩ። በጭነት መኪና ከደሴ ወልዲያ፣ ከወልዲያ ቆቦ እየተጓዙ ይዘፍኑ ነበር፤ ደመወዝ ነበራቸው፣ ልብሱም ከመንግሥት፣ አዳሩም ከመንግሥት ነበር፤ ሰዓት እላፊ ስለነበረ ሌሊት በመንገድ ማንም አይተናኮላቸውም። ያን ጊዜ ስድስት ስንኝ ያላት አንዲት የመለያየት ግጥም ገጥመው ነበር፤ ቡድኑ ወደዳት፣ ሌላ ድምፃዊት ዘፈነቻት፣ ስማቸውን የጠየቀ አልነበረም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ሐይቅ አንድ ሠርግ ተጠርተው ተቀምጠው ሳለ ሙሽራዋን የሚሸኙት ሴቶች ያችኑ ግጥም አዜሙ። እትዬ፣ ይህን ከየት አመጣችሁት ብለው ከጎናቸው የተቀመጡትን ሴት ቢጠይቁ፣ ይህማ ከጥንት የነበረ የአገሩ ግጥም አይደለም ወይ፣ እርስዎ የወሎ ሰው አይደሉምን የሚል መልስ አገኙ። ዝም ብለው አጨበጨቡ። እርሳቸው በዚህ ተከፍተው እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ከደመወዛቸው ሁሉ የሚበልጥ ክፍያ ያገኙት ያን ቀን እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሌሊቶች ግን እንቅልፍ እንደነሣቸው ጽፈዋል። ለእህቴ ልጅ የሰጡት ምክር አጭር ነበር፤ ከዘፈኗ በፊት ስሟን ታስቀምጥ፣ ከመሸ ብቻዋን አትጓዝ። እኔም፣ 16ኛዋም፣ 17ኛውም ከዚህ በኋላ ስለ ሕዝብ ዜማ አልተከራከርንም።

22ኛው መንገዱ አንዱን ሳምንት ተከፍቶ አንዱን ሳምንት በሚዘጋበት በዚህ ጊዜ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞሩ መዝፈንን ማቀድ ዕቅድ ሳይሆን ጸሎት መሆኑን አስታወሰ። ከዚያ በላይ አልጻፈም፤ መጻፍም አላስፈለገውም።

23ኛው አኒ ዲፍራንኮን ቅድስት እንዳላደርጋት ሊያስጠነቅቀኝ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በሉዊዚያና በባርነት ዘመን ባሪያዎች በግዳጅ ይሠሩበት በነበረ ትልቅ የእርሻ ይዞታ ላይ የዘፈን ደራሲዎች ማረፊያና ሥልጠና ልታዘጋጅ አቅዳ፣ ቁጣ ሲነሣባት ሰረዘችው፤ የመጀመሪያው ማብራሪያዋም ራሱ ስለተነቀፈ ሁለተኛ ይቅርታ መጻፍ ነበረባት። የጸሐፊው ነጥብ ሰውየዋን ማሳጣት አልነበረም። ኩባንያ ያለው ዘፋኝ ሲያጠፋ ከኩባንያው ጀርባ ይቆማል፤ የራሷ አለቃ የሆነች ግን የምትቆምበት ጀርባ የላትም የሚል ነው። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። በዚያው ልክ እርሷ ያፈራችውን ለሌሎችም መድረክ ማድረጓን፣ በቡፋሎ ሊፈርስ የነበረ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አድሳ የሙዚቃ አዳራሽና የኩባንያዋ ቢሮ ማድረጓን አያይዤ መለስኩለት፤ እርሱም አልካደም።

24ኛው የወረኢሉውን አዛውንት አስታውሶ ቦብ ዲላን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1965 በኒውፖርት የፎክ ፌስቲቫል የኤሌክትሪክ ጊታር ይዞ ሲወጣ ከሕዝቡ መካከል እንደጮኹበት፣ ዛሬ ግን ያ ቀን እንደ ታሪክ እንደሚቆጠር ጻፈ፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ይሳሳታሉ ለማለት ፈለገ። 25ኛው ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት፤ የዚያን ቀን ጩኸት በጊታሩ ነው ወይስ በተበላሸው የድምፅ ማጉያ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራልና አንድ የድምፅ ባለሙያ ጥፋት ላይ ፍልስፍና አትገንባ አለው። ከ26ኛው እስከ 28ኛው ያሉት ገንዘቡን አወሩ። አንዱ በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን አውታር የተባለውን የሙዚቃ መሸጫ መተግበሪያ እንደ ተስፋ ሲያነሣ፣ ሌላው ሰው በነጻ ዩቲዩብ ላይ የሚያገኘውን እንደማይገዛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሠርግ ላይ በቴሌብር የሚላከው ሽልማት ግንባር ላይ ከሚለጠፈው እንደሚሻል፣ ቢያንስ ከበሮ መቺው እንደማይሰርቀው ጻፉ። ከበሮ መቺዎች በዚህ ተቀይመዋል።

29ኛው ስቱዲዮ ያለው የደሴ ልጅ ነው። ልጅቷ ቤቷ ውስጥ በስልክ የቀዳችውን ሰምቶት ኖሮ፣ ሁለተኛው ዘፈን መጨረሻ ላይ የሚሰማው የሸንበቆ ማንኳኳት የመሰለ ድምፅ ምን እንደሆነ ጠየቀ። ክረምት ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ብርድ ልብስ ተከናንባ ስትቀዳ ዝናቡ ቀድሟት ገብቶ ነው። ጸሐፊው እንዳታጠፋው ለመናት። የጣቷንም ነገር አነሣ። አኒ ዲፍራንኮ አውታሩን በኃይል ስለምትመታ ሰው ሠራሽ ጥፍር ለጥፋ በጥቁር ናስትሮ ትጠቀልለው እንደነበር፣ እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2005 የእጅ ጅማት ሕመም ከመድረክ እንዳራቃት ጠቅሶ፣ የእህቴ ልጅ ናስትሮውን ቶሎ እንድትጀምር፣ ዕረፍቱንም እንዳትዘነጋ መከረ። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ከክራር ለተማረች ሰው ጣት መላጥ አዲስ ነገር አይደለም። ግን በማግስቱ ሰኞ ገበያ ወርዳ አንድ ጥቅል ናስትሮ ገዝታ አየሁ።

30ኛው መልስ የራሷ ነው። 18ኛውን በስም ሳትጠራ እንደምታመሰግነው ጻፈች፤ አጎቷ ሳያማክራት ጉዳዩን ወደ አደባባይ እንዳወጣው፣ እንደተናደደችም፣ አሁን ግን እንደበረደላት ገለጸች። ውሉን ወደ ሙዚቃ ቤቱ መልሳዋለች። በምትኩ 15ኛው ባስረዳው መሠረት ሁለት ዘፈኖችን ብቻ ለአምስት ዓመት ልታከራይ፣ ጊታሩም እንዲቆይ የሚል ሐሳብ አቅርባለች፤ እስካሁን መልስ አላገኘችም፤ ላታገኝም እንደምትችል ታውቃለች። ከአያቷ የወረሰቻቸውን ሁለቱን ዘፈኖች ከዝርዝሩ አውጥታቸዋለች፤ ልትሸጣቸውም ልታከራያቸውም አልፈለገችም፤ ትዘፍናቸዋለች ብቻ። 21ኛዋን እናት ደግሞ ያችን ስድስት ስንኝ እንዲልኩላት፣ በስማቸው ልትዘፍናት እንደምትፈልግ ለመነቻቸው። በመጨረሻም ቅዳሜ ኩታበር ሠርግ ስላለባት በባትሪ የሚሠራ የድምፅ ማጉያ የሚያከራያት ሰው እንዳለ ጠየቀች፤ መብራት እዚያ አይታመንም።

31ኛው መልስ የእኒያው የ21ኛዋ እናት ነበር፤ ግጥሟ በቁጥር ሰባት ስንኝ እንደነበረች፣ በሠርጉ ላይ የሰሙት አንዷን ጥሎ እንደሆነ፣ እርሷንም ጨምረው እንደላኩላት ጻፉ። 32ኛው ኪራዩን ጠየቀ። 33ኛው የኮምቦልቻው ጊታሪስት ሆኖ ተገኘ፤ ከሁለቱ ማጉያዎቹ አንዱ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ እንደጠፋበት፣ የቀረውን ግን አርብ ማታ ባትሪውን ሞልቶ ደሴ እንደሚያደርስ፣ ኪራይ እንደማይፈልግ፣ ቅዳሜ ዶ ላይ ስትቆም መካከሉን ባዶ ትተው እንደሆነ ብቻ ቆሞ ሊያዳምጥ እንደሚመጣ ጻፈ። 34ኛው ማጉያው፣ ከበሮው፣ ክራሩና ሦስት ሰው ተጭኖ በአንድ ሚኒባስ ጊታሩ የት ሊቀመጥ ነው አለ። ጭኔ ላይ ብዬ መለስኩ።